ዕቃ ቤት ውስጥ የተገኘው ሶርያዊ

ስልኬ ላይ ያለውን ብራውዘር ለብዙ ጊዜ የተጠቀምኩበት ቪላ ተከራይቶ በረንዳው ላይ እንደሚያድር ሰው ነው። እገባለሁ፣ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፣ የመጀመሪያዋን መስመር አነብባለሁ፣ እወጣለሁ። እወጣለሁ ስላችሁ ደግሞ በሩን ሳልዘጋ ነው። የተከፈተ ገጽ እንደሚዘጋ ማን ነግሮኝ? ስለ ባሚያ የጠየቅሁት ገጽ ከዓምና ጀምሮ ክፍት ነው። ስለ ጥርስ ሕመም የጠየቅሁት ጥርሱ ከተነቀለም በኋላ ክፍት ነው። ላይ ጥግ ላይ የገጾቹን ብዛት የምትቆጥር ትንሽ ሣጥን አለች። እሷም ቆጥራ ቆጥራ አንድ ቀን ታከታትና ቁጥሩን ትታ የሚስቅ ፊት አወጣች። እኔ ስልኩ ወደደኝ ብዬ መልሼ ሳቅሁለት።

ይህን ያጫወትኳት ዘይነባን ነው። ዘይነባ የከሚሴ ልጅ ናት፣ እኔ የሐርቡ። ሁለታችንም ካርቱም ውስጥ ሪያድ በሚባለው የባለጠጎች ሰፈር፣ አንድ ግንብ በሚጋሩ ሁለት ቪላዎች የቤት ሠራተኞች ነን። እሷ ቁልፍ ካየች ሳትጫን አታልፍም። ሊፍት ውስጥ ብትገባ የሁሉንም ፎቅ ሰው ሰላም ብላ ነው የምትወርደው። እንግዲህ አንድ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ እኛ ግቢ መጥታ ስልኬን ስታይ የሚስቀውን ፊት አየችና እሷም ሳቀች። ሳቋ ግን እንደ ስልኩ በፍቅር አልነበረም።

«እነዚህን ሦስት ነጥቦች ነክተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ ወደ ጥጉ እያሳየች።

እንዴት አላውቅም። ቆሻሻ መስለውኝ ስንት ቀን በጨርቅ ጠርጌያቸዋለሁ። አልለቅ ሲሉኝ ነው የተውኳቸው።

ለካ ጓዳው ከነጥቦቹ ኋላ ነው። ዘይነባ ነካ ስታደርጋቸው አንድ ረጅም ዝርዝር ተዘረገፈ። በረጅም ገጽ ውስጥ የፈለግሽውን ቃል ብትጽፊለት ቃሉን ካለበት አውጥቶ ቢጫ ቀብቶ የሚያቀርብልሽ አለ። ይህ ነገር ለሰው ወሬ ቢሠራ ምን ነበረበት? የአሠሪዬ የሐጃ እንግዶች ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰላምታ ሲለዋወጡ ተቀምጠው የመጡበትን ጉዳይ ብቻ ቢጫ ቀብቶ ቢያወጣልኝ ሻዩን ለክቼ አፈላ ነበር። ደግሞ ገጹ ላይ የሚንጫጫውን ማስታወቂያ ሁሉ እንደ ዝንብ አባርሮ ጽሑፉን ብቻ የሚያስቀር አለ። ዐረብኛውን ወደ አማርኛ የሚያዞርም አለ። እሱን ሞክሬው ነበር። ስለ ወጥ አሠራር አንድ ገጽ ባስተረጉመው «ሽንኩርቱ እስኪያፍር ጠብቂ፤ ሥጋውን ከጎኑ አስተኚ» አለኝ። አንድ ሽንኩርት አጠገብ ቆሜ ብጠብቅ ብጠብቅ ማፈሩን ትቶ አረረ።

ዘይነባ የመጨረሻውን ያሳየችኝ ያን ጊዜ ነው። «ማስተርጎሙን ተዪው፤ ዐረብኛውን ትሰሚ የለ? ያንብብልሽ» ብላ አንድ ቦታ ተጫነችው። ስልኬ ጉሮሮውን እንኳ ሳይጠርግ በወንድ ድምፅ ማንበብ ጀመረ።

እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ። ካርቱም ላይ የሚነገረው ዐረብኛ ለሙቀቱ ሲባል ግማሹ ቃል ጥርስ ጀርባ ጥላ ሥር የሚቀር ነው። ይህኛው ግን እያንዳንዱን ፊደል ኮት አልብሶ፣ ክራቫት አስሮ ነው የሚያወጣው። ዜና አንባቢ፣ ወይም የፈረደበትን ሰው ማሳዘን የማይፈልግ ዳኛ ነው የሚመስለው። ደግሞ ሲጠራኝ «ክብርት የቤት እመቤት ሆይ» ይለኛል። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ «ያ ቢት፣ ነይ፣ አምጪ፣ ውሰጂ» ነው የሚሉኝ፤ ያ ቢት ማለት አንቺ ልጅ ማለት ነው። ክብርት ሲለኝ ደንግጬ ማማሰያውን አስቀመጥኩና ሻሼን አስተካከልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ ስሠራ ያነብብልኛል። ስለ ዱባ ያነብባል፣ ስለ ምጣድ ዝገት ያነብባል፣ ስለማያገባኝ የባሕር ዓሣ ያነብባል። ዝግ ሲልብኝ ፍጥነቱን እጨምርለታለሁ፣ ሲቀድመኝ እቀንስለታለሁ። እንዲህ ያለ ወንድ በዓለም ላይ ከየት ይገኛል እያልን ከዘይነባ ጋር እንስቅ ነበር።

ወንድ ካነሣሁ የእኔን ልንገራችሁ። ሰይድ ይባላል። ከዓባይ ማዶ፣ ባሕሪ ያሉት ወርክሾፖች ውስጥ መካኒክ ነው፤ የወሎ ልጅ ነው። ከረመዷን በኋላ ኒካሕ ልናስር ተነጋግረን ነበር። የተገናኘነው በሐጃ እህት በኩል ነው። እሳቸው ባሕሪ ነው የሚኖሩት፣ መኪናቸው አሮጌ ናት፤ በሳምንት አንዴ ሰይድ ዘንድ ትተኛለች። ሐጃ ራሳቸው ደግሞ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ ትልቅ ሴት ናቸው። ለእኔም እንደ እናት ሆነው ከሰይድ ጋር የተነጋገሩት እሳቸው ነበሩ። እንግዲህ እንጀራዬም፣ ትዳሬም፣ ስሜም በአንዲት ሴትዮ እጅ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ።

ሐጃ ከእህታቸው ጋር የሚወዳደሩት በምግብ ነው። አንድ ቀን እህታቸው ቤት በአይብ የተሞላ ለስላሳ የሻም ዳቦ፣ የሶርያ ማለት ነው፣ በልተው መጡና እንቅልፍ አጡ። ጠዋት ጠርተውኝ፣ ያ ዳቦ ከእህታቸው ቤት በተሻለ እዚህ ቤት ካልተጋገረ እህል አልቀምስም አሉ። እኔም ክብርት የቤት እመቤት ነኝና ምን ገዶኝ? የሻም ዳቦ አሠራር ብዬ ጠየቅሁ፣ ገጹን ከፈትኩ፣ አንባቢዬን አስነሣሁት። አንባቢው ገና መግቢያው ላይ እያለ ባትሪዬ ማለቅ ጀመረ። ኩሽና ውስጥ ያለውን ሶኬት ፍሪጁ ይዞታል። ስለዚህ ስልኩን ወስጄ መኽዘን ውስጥ፣ ዱቄትና ስኳር የምናስቀምጥበት ዕቃ ቤት ማለቴ ነው፣ ሶኬቱ ላይ ሰካሁት። በጎን ያለችውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ብርሃኑ ጠፋ። ድምፁም ዝም አለ። ተኛ አልኩ። ሐጃ ስኳሩ እንዳይነካ ዕቃ ቤቱ ሁልጊዜ ይቆለፍ ስለሚሉ ቆልፌ፣ ቁልፉን እንደ ልማዴ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ እዚህ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ እርሾ ልገዛ ወጣሁ።

ዘይነባ ያልነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስልኩ ሲጨልም አንባቢው አይተኛም። ዝም ያለው ኔትወርኩ ስለተቋረጠበት ነው። ኔትወርኩ ሲመለስ፣ እሱም ካቆመበት ቀጥሏል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የነገረኝ የግቢያችን ዘበኛ ዐም ኢድሪስ ነው። ሐጃ ውኃ ሊጠጡ ኩሽና ይገባሉ። ከተቆለፈው ዕቃ ቤት ውስጥ የወንድ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ «አሁን ጨርቁን ቀስ ብለሽ ግለጪው» ይላል። ሐጃ እንደ ቆሙ ይቀራሉ። «አትቸኩዪ» ይላል ድምፁ። «ለስላሳ መሆኑን በጣትሽ ጫፍ አረጋግጪ።» ሐጃ አዑዙ ቢላሂ ብለው በሩን በምርኩዛቸው መቱና ማን ነህ አሉ። ድምፁም «ትዕግሥት የዚህ ሥራ ግማሹ ነው» ብሎ መለሰላቸው። በአላህ ስም፣ ውጣ ከዚህ አሉት። «ማንም በሩን እንዳይከፍት፤ ነፋስ ከገባ ያበላሸዋል» አላቸው።

ዐም ኢድሪስ ዱላውን ይዞ ሲደርስ ሐጃ በሩ ፊት ወንበር አስቀምጠው ተቀምጠውበታል። እሱም ጆሮውን ጥሎ ሰማና የሊቅ ፍርድ ሰጠ። ሱዳናዊ አይደለም፤ ሱዳናዊ እንዲህ ተቆላልፎ ለመናገር ይደክመዋል። ግብፃዊም አይደለም፤ ግብፃዊ ቢሆን እስካሁን አንድ ቀልድ ጣል ያደርግ ነበር። ደግሞ በየመሀሉ ሻም ሻም ይላል። ሶርያዊ ነው። ሐጃ ይህን እንደ ሰሙ ስልካቸውን አንሥተው ባሕሪ ለእህታቸው ደወሉና፣ ልጅቷ ዕቃ ቤቴ ውስጥ ሶርያዊ ቆልፋበት ወጥታለች፣ ለዚያ ለመካኒኩ ንገሪው አሉ። ወሬ ድልድይ ሲሻገር መንገድ አይጨናነቅበትም።

እኔ እርሾዬን ይዤ በዚህ መሀል ደረስኩ። ዐም ኢድሪስ ዱላውን እንዳነሣ ነው። ዘይነባ ከግንቡ ማዶ ባልዲ ላይ ቆማ አንገቷን አስግጋለች። ሐጃ ቁልፉን አምጪ አሉኝ። ያኔ ከውስጥ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ስልኬ እንደሆነ ወዲያው ትዝ አላለኝም፤ እኔ አስተኝቼው ነው የሄድኩት። ሌባ መሰለኝ። ቁልፉን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ አይከፈትም፣ ከወጣ ይገድለናል አልኩ። ሐጃና ዐም ኢድሪስ ተያዩ።

ከዚያ ድምፁ «ክብርት የቤት እመቤት ሆይ» አለ። ነፍሴ መለስ አለች። በደስታም አፌ ቀደመኝ።

«አውቀዋለሁ፣ ሐጃ» አልኩ። «ክፉ ሰው አይደለም። ምሳ ስሠራ ሁልጊዜ አብሮኝ ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ብትፈልጉ በቢጫ ቅቡት። ሐጃ ደረታቸውን ያዙ። የኔ ዐረብኛ ገበያ ይበቃል፣ ድስት ይበቃል፣ እንዲህ ያለ ቀን ግን አይበቃም። ላስረዳ ብዬ፣ የሚኖረው ስልኬ ውስጥ ነው አልኩ። ሐጃ በስልክ ተዋወቅን ያልኩ መሰላቸው። ዘይነባ ናት ያመጣችልኝ አልኩ። ሁሉም ቀና ብለው ወደ ግንቡ አዩ። ሊያድነኝ የሚችል ሰው በዚያ ግቢ ዙሪያ ቢኖር ዘይነባ ብቻ ነበረች። ዘይነባ ግን ሳቅ አፍኗት፣ ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ እንባዋ እየወረደ ቃል መተንፈስ አቅቷታል። ዐም ኢድሪስ፣ ምስኪን፣ ለጓደኛዋ ታለቅሳለች አለ። ከዚያ ባልዲው ተገለበጠና ዘይነባ ከግንቡ ማዶ ጠፋች። ሳቋ ብቻ ቀረ፤ እሱም ከሩቅ ሲሰሙት ለቅሶ ነው።

ክፈቱትና እዩት ብዬ ቁልፉን ከአንገቴ አወጣሁ። ሐጃ ተቀበሉኝና ጭብጣቸው ውስጥ ከተው፣ ሰይድ ሳይደርስ አይከፈትም አሉ። ሊያገባሽ የነበረው ሰው በዓይኑ ይየው፤ ነገ ደብቀውብኝ ነበር እንዳይል። ነበር የሚለውን ቃል ስሰማ ምድር ላይ፣ ከእርሾዬ ጎን ተቀመጥኩ። በልቤ ግን አንድ ተስፋ ነበረኝ፤ ገጹ ማለቁ አይቀርም፣ ሲያልቅ ዝም ይላል።

ገጹ አለቀ። የአንባቢዎች አስተያየት ጀመረ።

ኢንተርኔት ላይ ምግብ አሠራር የሚጽፍ ሰው ካለ ከሥሩ እናቶች ተሰልፈው ያመሰግኑታል። የኔ ሰው ደግሞ የተጻፈ ሁሉ ይነበባል ባይ ነው። አንድም አያልፍም። «ኡሙ ሐሰን ትላለች» አለ በዚያው በረጋ ድምፁ፣ «እጅህ ይባረክ፤ አንተን ካወቅሁ ወዲህ ቤቴ ደስታ ገባ።» ሐጃ ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠጉ። «ከጂዳ አንዲት እኅት ትላለች፤ እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ጎረቤቶቼም ሁሉ ጠየቁኝ።» ዐም ኢድሪስ ዱላውን ቀስ ብሎ ግድግዳ አስደገፈ። ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ አድናቆት ቢጤ ነው። «የሦስት ልጆች እናት ነኝ» አለ ድምፁ ቀጥሎ። «እናቴም በጣም ወድዳሃለች።»

«እናቷንም?» አሉ ሐጃ፣ ለራሳቸው፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

እኔ በዚህን ጊዜ ማልቀስ ጀምሬያለሁ። ለቅሶ ይሁን ሳቅ ግን አልለይ አለኝ። አንዱ ሌላውን እየገፋ ይወጣል። ሰይድን አስባለሁ፤ መንገድ ላይ የሰማውን እያመነዠከ፣ ድልድዩን ሲሻገር አስባለሁ። ወዲያው ደግሞ ከውስጥ አንዲት ሴት ስለ አይቡ ታመሰግናለች።

ድንገት ድምፁ በአንድ ቃል መሀል ተቆረጠ። ከዚያ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አውራ ዶሮ ጮኸ።

ዐም ኢድሪስ «ዶሮም ይዞ ነው የገባው» አለ።

ሐጃ ግን ይህን ዶሮ ያውቁታል። ዘይነባ ቁልፍ አይታ ስትጫን የስልኬን ጥሪ ዶሮ አድርጋው፣ ማስተካከል አቅቶኝ፣ ሐጃ ሲሰግዱ ስንት ጊዜ ጮኾባቸው ተቆጥተውኛል። በሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጭብጣቸውን ፈቱና ቁልፉን ሰጡኝ። ከፈትኩት። ዱቄቱ አለ፣ ዘይቱ አለ። የስኳሩ ጆንያ ላይ ስልኬ በርቶ፣ የሰይድ ስም ተጽፎበት፣ እንደ ዶሮ ይጮኻል።

ሐጃ በምርኩዛቸው ጠቁመው አንሺው አሉ። ሁሉም ይስማ ብለው ስፒከሩን አስከፈቱኝ። በዚያ በኩል የመኪና ጡሩምባ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከሥሩ የእህታቸው ድምፅ አለ፣ ከዚያ የሰይድ።

«ያለሽበትን ትተሽ ከግቢው ውጪ» አለኝ። «ስኳሩንም ዘይቱንም ይውሰደው። አንቺ ብቻ ውጪ፤ መንገድ ላይ፣ ሰው ያለበት ቁሚ። ድልድዩ ላይ ነኝ፣ እየመጣሁ ነው።»

ከባሕሪ እስከ ሪያድ ይህን ወሬ የሰማ ሰው ሁሉ ውሽማ ብሎ ነው የሰማው። ሌባ ብሎ የሰማው እሱ ብቻ ነበር። ደኅና ነኝ ብቻ አልኩት፤ ስልክ ነው፣ ሰው አይደለም፣ ስትመጣ እነግርሃለሁ። ሐጃ የቶባቸውን ጫፍ፣ ያን ሰውነታቸውን የሚጠቀልሉበትን ስስ ጨርቅ፣ ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ስልኩን እንደ ዘጋሁ አንባቢው ካቆመበት ቀጠለና ስለ አስተያየታችሁ እናመሰግናለን አለ። ሐጃ ከሸፈኑት ጨርቅ ሥር ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እያለቀሱ መሰለኝ። ሲገልጡት ይስቃሉ። እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ዐም ኢድሪስም ሳቀ፣ ከግንቡ ማዶ ዘይነባ እንደ አዲስ ጀመረች። ሐጃ እንባቸውን ጠረጉና በአንድ ጊዜ ፊታቸውን አጠነከሩ። እህታቸው እየመጡ ነው። ዳቦው ግን አልተቦካም።

ከመጀመሪያው አስጀምሪው አሉኝ። እኔ አቦካለሁ፣ እሱ ያነብባል፣ ሐጃ ከጎን ይከራከሩታል። ጨው ያንሳል ይሉታል፣ እሱ ወደሚቀጥለው እንለፍ ይላቸዋል። ሁለት ጊዜ ዝም በል አሉት። ፍጥነቱን ቀነስኩላቸው፤ አሁን ሰው ሆነ አሉ።

የእህታቸው መኪና የደረሰችው ዳቦው ምድጃ ውስጥ እያለ ነው። ሰይድ ሞተሯን ፈትቶ እየሠራባት ስለነበር የፊት ክዳኗን በገመድ አስሮ ነው የመጣው፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። የሐጃ እህት ከኋላ ወንበር የበዓል ቶባቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው ወረዱ። ይህን የሚያህል ውርደት በተራ ልብስ አይታይም ብለው ይሆናል። ስልክ መሆኑ ሲነገራቸው ፊታቸው ወደቀ። ዞር ዞር ብለው አዩና፣ ታዲያ ሶርያዊው ሄደ ማለት ነው አሉ። ከአንድ ሰዓት በፊት በዱላ ሊያስገድሉት የነበሩት ሐጃ፣ የለም፣ አለ፣ ተቀመጪ ብለው አስቀመጧቸውና ትኩስ ዳቦ አቀረቡላቸው፣ አንባቢውንም አስጀመሩላቸው። ሁለቱ እህትማማቾች ስልኬን ትራስ ላይ አስቀምጠው ሰሙት። እህታቸው ዳቦውን ሁለት ጊዜ አስጨመሩ፤ ለሐጃ ከዚህ በላይ ምስክር አልነበረም። በመጨረሻም ጎንበስ ብለው፣ ሚስት አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ስለ ራሱ እስካሁን ያነበበልኝ ነገር የለም አልኳቸው።

ፀሐይዋ ቀዝቀዝ ስትል ሰይድን እስከ በሩ ሸኘሁት። ሰይድ ብዙ አይናገርም። የመኪናዋን ገመድ እንደገና ያጠብቃል፣ እኔ እጄ ላይ የደረቀ ሊጥ እፍቃለሁ። ሲያንገበግበኝ የዋለውን ጥያቄ አወጣሁት። ሰው ሁሉ እንደዚያ ሲል አንተ እንዴት አልጠረጠርክም አልኩት።

ገመዱን ቋጥሮ ጨረሰ።

«አንቺ ሰው ብትደብቂ» አለኝ ከዚያ፣ «መጀመሪያ የምትነግሪው ለእኔ ነው። በዚያው ቀን፣ ከነአበላሉ።»

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ግን እውነቱን ነው።